ከባለመንጠቆው አጠገብ

አሳ ማጥመድ ያስተማረኝ ሰው አባቴን የገደለው ሰው ነበር። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እናቴ ታውቃለች፤ የላከችኝም ስለምታውቅ ነበር።

ያኔ የፊት ጥርሴ ገና እየወለቀ ነበር። ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ የመጣው ክረምት ነው። ቤታችን ከዳንግላ ወዲያ፣ ክልቲ ወንዝ ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት ጉብታ ላይ ነበር። ሦስት ነበርን፤ እናቴ የሻረግ፣ ታላቅ ወንድሜ ደርበው፣ እኔ ሸጋ። አባቴ አድማሴ እኔ በሆድ ሳለሁ በወሰን ጠብ ተመትቶ ሞቷል። የገደለው ሰው አዝመራው ይባላል። ይህ ስም እኛ ቤት አይነሳም። አንድ ቀን ደርበው ቢያነሳው እናቴ በማማሰያ አፉን ስትለው አይቻለሁ፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ አገጩ ላይ ወረደ። ስለዚህ በእኔ ልብ አዝመራው ሰው አልነበረም። ጥርሱ የገጠጠ፣ ጅብ የሚያህል፣ በጭጋግ ውስጥ የሚሄድ ነገር ነበር።

ባለመንጠቆው ግን ሰው ነበር። ከሲታ ነው። ሲነሳና ሲቀመጥ ጉልበቱ ይንቋቋል። ከወንዙ ዳር በአንዲት ደሳሳ ጎጆ ብቻውን ይኖራል። እህቱ እህተማርያም አልፎ አልፎ ዱቄት ታመጣለታለች እንጂ ኑሮው አሳው ነበር። እናቴም «ባለመንጠቆው» እያለች ነው የጠራችልኝ።

«ሸጋዬ፣ አሳ አማረኝ» አለችኝ አንድ ጧት ፀጉሬን እየሠራች። «ባለመንጠቆው ዘንድ ሂጂና ያስተምርሽ። ግን ስሚኝ፤ ከአጠገቡ እንዳትርቂ። እጅሽን ብትዘረጊ የምትነኪው ያህል ሁኚ። ሲነሳ ተነሽ፤ ሲቀመጥ ተቀመጭ። ጎጆው ሲገባ ያኔ ወደ ቤት ነይ።»

«ቢቆጣኝስ?»

«ይቆጣሽ። አንቺ ብቻ አትራቂ።»

እኔ አሳው አምሯት መስሎኝ አዘንሁላት።

ነገሩን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አዝመራው እስሩን ጨርሶ ተመልሷል። ሽማግሌዎች በሁለቱ ቤተሰብ መካከል ገብተው ለመስቀል ማግሥት እርቅ ቆርጠዋል፤ እናቴም እሺ ብላለች። እስከዚያ ድረስ አዝመራው ከአገር መውጣት አይችልም። ከወጣ «ሸሸ» ይባላል፤ እርቁም ይፈርሳል። ደርበው ግን እሺ አላለም። የአባቴን ውጅግራ ጠመንጃ ከጣሪያው አውርዶ በቅቤ ይወለውል ጀመር። እናቴ የፈራችው ለአዝመራው ብቻ አልነበረም። ደርበው ከገደለ የአዝመራው ወገኖች በተራቸው ደርበውን ይፈልጉታል። እሷ ራሷ ሄዳ ከባሏ ገዳይ አጠገብ ብትቀመጥ አገር በድንጋይ ይወግራታል። አሳ ፈልጋ የምትሄድን ሕፃን ግን ማን ይጠይቃታል? ደርበው እህቱ ባለችበት አይተኩስም። ይህን ብላ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ባለመንጠቆው ቀና ብሎ አየኝና ፊቱ አመድ መሰለ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የየሻረግ።»

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«አሳ ሊያስተምሩኝ። እናቴ ናት የላከችኝ።»

«ሂጂ ወደ ቤትሽ።»

አልሄድሁም። እንደ ታዘዝሁት አጠገቡ ቁጭ አልሁ። ሸሸት ሲል ሸሸት አልሁ። ተነስቶ ሌላ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ተከትዬ ተቀመጥሁ።

«አንቺ ልጅ መዥገር ነሽ እንዴ?»

«እናቴ ከአጠገባቸው እንዳትርቂ ብላኛለች።»

መንጠቆውን አስቀመጠና ጉብታውን ሽቅብ ተመለከተ። ቤታችን ይታይ ነበር። «እናትሽ ክፉኛ ቸግሯታል» አለ።

«አዎ» አልሁ፤ «አሳ ቸግሯታል።»

ያን ጊዜ ሳቀ። ጥርሱ አልገጠጠም።

ከዚያ በኋላ ማስተማር ጀመረ። ክረምት ሲገባ አሳው ከጣና ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል አለኝ። ስለዚህ ኃይለኛው ውኃ ከረጋው ጋር የሚገናኝበትን ፈልጊ፤ አሳ እዚያ ያርፋል። ዝናብ ሲያባራ ትንንሽ ጅረቶች ወደ ወንዙ የሚገቡበትን ፈልጊ፤ ጎርፉ ትል ይዞ ይመጣል፤ አምባዛ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ጥላሽ ውኃው ላይ አይውደቅ። እግርሽን መሬት ላይ አታንኳኪ፤ አሳ በሆዱ ይሰማል። ይህን ሁሉ የተማረው ጣና ዳር ታስሮ ሳለ ነው። እኔ ግን «ጣና ሳለሁ» ሲል ጣና እንደ ዳንግላ ገበያ ሰው ደስ ብሎት ውሎ የሚመለስበት ቦታ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቦታ ሁለት ቀን አንቀመጥም ነበር። ዛሬ ከትልቁ ሾላ ሥር፣ ነገ ከተሸረሸረው ገደል በታች፣ ከነገ ወዲያ ከሁለቱ ጥቋቁር አለቶች መካከል። አንዳንዱን ቦታ እኔ አገኝለታለሁ፤ ውኃውን ሳይሆን ከኋላው ያለውን ዳገት አይቶ «ይህ ጥሩ ነው» ወይም «ይህ አይሆንም» ይለኛል። ጥሩ የሚባሉት ቦታዎች ሁሉ ጨለም ያሉ፣ ጀርባቸው በድንጋይ ወይም በዛፍ የተዘጋ ነበሩ። አሳ ጥላ ይወዳል ብዬ ተማርሁ። ዛሬ ሳስበው ጥላ የሚወደው እሱ ነበር። የሚታደን ሰው ቦታ ይቀያይራል፤ ጀርባውንም ለሜዳ አይሰጥም።

በአንድ ነገር ግን እንጣላ ነበር። አጠገቡ ልቀመጥ ስል ሁልጊዜ ራቅ ያደርገኛል። «ታች ካለው ድንጋይ ላይ ሁኚ። ጥላሽ አሳውን ያባርራል።» እሄድና ቀስ እያልሁ እመለሳለሁ። እንደገና ያርቀኛል። በተለይ ከእሱና ከዳገቱ መካከል ስገባ ይቆጣል፤ አንድ ቀን እንዲያውም በክንዴ አንስቶ ወዲያ አስቀመጠኝ። ስስታም ነው አልሁ። ደህናውን ቦታ ለራሱ ይዞ ለእኔ ባዶውን የሚሰጥ ስስታም። የሚያርቀኝ ከጥይት መሆኑ አልገባኝም ነበር።

አሳ ይዤ ስገባ እናቴ ፊቷ ይበራል። አሳውን ግን አታየውም። መጀመሪያ ልብሴን ትዳብሳለች፣ ቀጥሎ «ደህና ዋለ?» ትለኛለች።

«ማን?»

«ባለመንጠቆው።»

«ደህና ነው። አምባዛ አምልጦታል።»

አንድ ቀን ከጓሮ ስዞር ውሻችን ያመጣሁትን አሳ ከነቅርፊቱ ሲቆረጥመው አገኘሁት። እናቴ ነበረች የሰጠችው። ለካ ፍልሰታን አሳ አትበላም፤ ፍልሰታ ከወጣም በኋላ አልበላችም። አለቀስሁ። ትንሽ ስለሆነ ነው የናቀችው ብዬ፣ ነገ ትልቅ የሚገኝበትን ቦታ እፈልጋለሁ ብዬ ተነሳሁ።

የመንጠቆ ገመድ የሚሠራው ከፈረስ ጭራ ነው። ደርበው አንዲት ዳማ ፈረስ ነበረችው፤ ከእኔም ከእናቴም ይወዳታል። ከበረት ገብቼ ከጭራዋ አንድ እፍኝ ቆረጥሁ። ማታውን ደርበው ሲያይ አልጮኸም።

«ለማን ነው?»

«ለባለመንጠቆው። የእሱ ተበጥሶበት።»

የጉልበቱን ልክ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በቡጢ መታኝ፤ ወደቅሁ። በልጓሙ ጀርባዬን ገረፈኝ። «ለእሱ! ከእኔ ፈረስ ለእሱ!» ይላል። እናቴ መካከል ገብታ ልጓሙ አንገቷ ላይ ሲያርፍ ነው የቆመው። እኔ ለጭራ ብሎ ነው አልሁ። በማግሥቱ ፈረሷን ይቅርታ ጠየቅኋት።

ከዚያ ወዲህ ደርበው ያደባብን ጀመር። ከቁጥቋጦው ውስጥ ነጭ ጋቢ አያለሁ፤ ቀና ስል ይጠፋል። ባለመንጠቆውም ያያል። ማታ ደርበው ይጠይቀኛል።

«ዛሬ የት ዋላችሁ?»

«አልነግርህም።»

«ነገስ?»

«አልነግርህም አልሁህ! የእኛ ቦታ ነው። ከፈለግህ የራስህን ፈልግ።»

ክንዴን ጠምዝዞ እስኪንቋቋ ያዘው። አልተናገርሁም። እናቴ ከወደ ምድጃው ሆና «ልቀቃት፤ ሕፃን አታሰቃይ» ትላለች እንጂ አልተነሳችም። በዚያን ጊዜ ጠላኋት። ዛሬ ግን ዓይኗ ትዝ ይለኛል፤ ተናገርሽ አልተናገርሽ እያለ ከንፈሬን ነበር የሚያየው።

ጓደኛው ሽባባው እየመጣ ከደጃፍ ላይ ያወራዋል። አንድ ጊዜ አጥር ሥር ሆኜ ሰማሁ።

«ደርቤ፣ ሱሪህን ለእህትህ ስጣት እንጂ። ወንዝ ወርዳ የምትጠብቀው እሷ ናት።»

«ዝም በል።»

«በአድማሴ ተዝካር የበላነው እንጀራ ገና ከሆዳችን አልወጣም እኮ። አንተ ግን የሴት ልጅ ጥላ ፈርተህ…»

«ዝም በል አልሁህ! ከዚያ ጥሻ ውስጥ አይወጣም። ምን ላድርግ?»

«አሳውን ግደልበት። ይወጣል።»

እግዜር ያሳያችሁ፤ እኔ የሰማሁት አሳው ሊገደል መሆኑን ብቻ ነው።

በማግሥቱ ወንዝ ስንወርድ ውኃው ነጭ ሆኗል። ከሾላው ሥር፣ ከገደሉ በታች፣ ከጥቋቁሮቹ አለቶች መካከል፣ ባሉን ቦታዎች ሁሉ አሳው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፏል። ትልቁም ትንሹም፣ እንቁላል የያዘውም። አንዳንዱ ገና አፉን ይከፍታል ይዘጋል። ሽታው ጉሮሮ ይዘጋል። ዳሩ ላይ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ገለባ ፈሷል። ብርብራ ወቅጠው ውኃ ውስጥ ሲጨምሩት አሳውን አስክሮ ይገድለዋል። ሰዎች በዓመት አንዴ ተስማምተው፣ አንዱን ኩሬ ብቻ እንዲህ ያደርጉና ይካፈላሉ። እነደርበው ወንዙን በሙሉ ገድለው አንድ እንኳ አላነሱም። ያ ነው የገረመኝ። ሊበላው ካልሆነ ለምን ቀማኝ?

ባለመንጠቆው አንዲት ትንሽ አሳ በመዳፉ ይዞ ቆመ።

«እንዴት ያለ ልጅ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አባቱን ይመስላል።»

«አባታችንን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ። ሂጂ ዛሬ፤ አሳ የለም።»

«ላይ መሻገሪያው ጋ ብርብራ አልደረሰም» አለ ደግሞ ባለመንጠቆው ከራሱ ጋር እንደሚነጋገር። ቀኑን ሙሉ ግን ከጎጆው አልወጣም፤ በማግሥቱም እንዲሁ። እኔ ከደጁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ዱቄቱ አልቋል። እህቱ የሽባባውን ዘመዶች ፈርታ ወደ ወንዝ መውረድ ትታለች። እርቁ ሊደርስ ነበር፤ ልጆች አደይ አበባ መልቀም ጀምረዋል፤ ሰዉ ደመራ ያወራል። በመጨረሻ መንጠቆውን ይዞ ወጣ። ረሃብ ነው ያወጣው። አጠገቡ ተከተልሁ።

መሻገሪያው ላይ ዛፍ የለም። ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ኮረት፣ ከላይ ባዶ ዳገት። ፀሐዩ ጠንካራ ነበር። እሱ ከድንጋዩ ጫፍ ተቀመጠ፤ «አንቺ ራቂ» አለኝ፤ አልራቅሁም። መንጠቆው ወዲያው ተጎተተ። ትልቅ ነበር። «ይያዙልኝ! ይያዙልኝ!» እያልሁ እዘላለሁ። ከኋላችን ድንጋይ ተንከባለለ።

ደርበው ከዳገቱ ላይ ቆሟል። ውጅግራው ትከሻው ላይ ነው።

«ሸጋ፣ ተነሽ ከዚያ።»

«አልነሳም!»

«ተነሽ አልሁሽ!»

«አልነሳም! ያንን ሁሉ ገደልህ፤ ይህንስ ልትቀማኝ ነው? የእኛ ቦታ ነው!» ብዬ ባለመንጠቆውን በሁለት እጄ ወገቡን ያዝሁት። ልቡ ጀርባው ላይ ሲመታ ጉንጬ ላይ ይሰማኛል። የመንጠቆው እንጨት አሁንም በእጁ ነው፤ አሳው ይጎትታል።

«አዝመራው!» አለ ደርበው። «በልጅ ተከልለህ ልትቀር ነው?»

ያን ስም ስሰማ ዞሬ ዳገቱን፣ ወንዙን፣ ወዲያ ማዶ አየሁ። ያ ጥርሱ የገጠጠው ነገር መጣ ብዬ። አንድም አልመጣም። የያዝሁት ሰው ብቻ ነው ያለው።

«ደርበው» አለ ሰውየው ሳይዞር፤ «ጣትህን ከምላጩ አንሳ። መጀመሪያ ልጅቱ ትሂድ።»

እጆቼን ከወገቡ ላቀቀ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈለቀቃቸው፤ ነከስሁት። ከዚያ በብብቴ አንስቶ ወረወረኝ። ውኃው ዋጠኝ። ተኩሱን ከውኃ ውስጥ ነው የሰማሁት፤ ደረቴ ውስጥ የፈነዳ መስሎኝ ነበር።

ስወጣ ባለመንጠቆው በጎኑ ወድቋል። አንገቱ ላይ ተመትቷል። ደሙ ድንጋዩን ይዞ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ እኔ ባለሁበት ውኃው ቀላ። ደርበው እየሮጠ ወረደ። ውጅግራው አንድ ጥይት ነው የሚጎርሰው፤ ሌላ ሊያጎርስ ሲል ጥይቱ ከእጁ ወድቆ ኮረቱ ላይ ተንከባለለ። በሰደፉ መታው። ደጋግሞ መታው። እርጥብ ድምፅ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ «ዘራፍ!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። እንደገና ሞከረ፤ አስመለሰው። እኔን አየኝ፤ ሊናገር ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ሮጠ።

እኔ ኮረቱ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ለብዙ ዓመት የተቀየምሁት ማንን እንደሆነ ብነግራችሁ ታዝኑብኛላችሁ። ደርበውን አልነበረም። ሰውየውን ነበር። ያን ያህል ቀን አብሬው ተቀምጬ፣ ትልቁ አሳ ሲመጣ ወረወረኝ ብዬ ነበር።

እናቴ ተኩሱን ሰምታ ስትደርስ ነጠላዋ የለም፤ እሾህ ላይ ቀርቷል። መጀመሪያ እኔን ያዘች። ቀሚሴን ገልባ ሆዴን አየች፣ አዞረችኝና ጀርባዬን አየች፣ ፀጉሬን ፈልፍላ አየች። ደም የለብኝም። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ዞረች።

«ለምን ተነሳሽ?» አለችኝ። «ለምን ተነሳሽ?»

«አልተነሳሁም። እሱ ነው የወረወረኝ።»

አፏን በእጇ ያዘች። በጉልበቷ ወደ ሬሳው ሄደች፤ የገዳይ ወገን የሟችን ሬሳ አይነካም፤ እሷ ነካች። የተሰበረውን ራስ ጉልበቷ ላይ አደረገችና ጮኸች። እኔ ስለ ደርበው የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። የጠራችው ግን «አዝመራው» ብላ ነው። «አዝመራው! አዝመራው!» ያንን ስም።

እህተማርያም ከሴቶቹ ቀድማ ደረሰች። እናቴን ስታይ ድንጋይ አነሳች። «እጅሽን ከወንድሜ ላይ!» ብላ ግንባሯን አለቻት። እናቴ እጇን እንኳ አላነሳችም። ደሟ የሬሳው ፊት ላይ ተንጠባጠበ። እህተማርያም ሁለተኛውን ልትመታ እጇን ሰቅላ ቀሚሴን አየች፤ ውኃ ይንጠባጠባል።

«ምን ሆና ነው ይች ልጅ የረጠበችው?» አለች።

ወዲያው ገባት መሰለኝ፤ ድንጋዩ ከእጇ ወደቀ፤ ከእናቴ ጎን ተቀመጠችና ሁለቱ አብረው አለቀሱ። ሴቶቹ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆመው ቀሩ።

መስቀል መጣ፤ እርቅ የለም። ደርበው ወደ ጫግኒ ቆላ ወረደ። በሁለተኛው ዓመት የአዝመራው የአጎት ልጅ ከማሽላ እርሻ ውስጥ አገኘው። ሬሳውን ያመጡት በፈረሷ ላይ ጭነው ነው። የተጫነውን እኔ አላየሁም፤ እናቴ ጎተራ ውስጥ ዘጋችብኝ። ጭቃውን ፍቄ በቀዳዳው ያየሁት የፈረሷን እግር ብቻ ነው።

እናቴ ካረጀች በኋላ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጫት ጥፍሯን ስቆርጥላት ጠየቅኋት።

«እምዬ፣ ጥይቱ እኔን ቢመታኝስ ኖሮ?»

የተቆረጠውን ጥፍር ከቀሚሷ ላይ አራገፈች።

«ደርበው አንቺን አይመታም ብዬ ነበር።»

«ቢመታኝስ?»

«ሁለት ልጅ ነበረኝ፤ ሸጋ። አንቺን መያዣ ሰጥቼ እሱን ላስቀር ነበር። አንቺ ቀረሽልኝ፤ እሱ ሄደ።» ከዚያ ሌላኛውን እጇን ዘረጋችልኝ፤ «ይህንም ቁረጭልኝ» አለች።

ዛሬ እኔም የአንዲት ልጅና የአንድ ጎረምሳ እናት ነኝ። ልጄ ከዓይኔ ስትሰወር አላርፍም፤ ጉድጓድ፣ ወንዝ፣ መኪና፣ ሁሉም ይበላብኛል ብዬ እፈራለሁ። አንዳንድ ጊዜ ሥራ ይዤ ሳለሁ ልጄን በሐሳቤ ያ ድንጋይ ላይ ላስቀምጣት እሞክራለሁ። አትቀመጥልኝም። ክንዷን ይዤ እጎትታታለሁ፤ እናቴንም እረግማታለሁ፤ እንዴት አስቻላት እላለሁ። ከዚያ ዳገቱን ቀና ብዬ አያለሁ። ልጄን፣ ወንዱን፣ እዚያ አቆመዋለሁ፤ ውጅግራውንም ትከሻው ላይ አደርግለታለሁ።

ያን ጊዜ ክንዷን የያዘው እጄ ይላላል።